ከቀኝ የጀመሩ ክቦች

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እያለሁ ሥራ ነበረኝ፤ ክብ መሥራት። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ምንጣፉ ላይ በሆዴ እተኛና፣ ከእማዬ አሮጌ ሸሚዝ የተነቀለ ቁልፍ ወረቀት ላይ አድርጌ ዙሪያውን በእርሳስ እዞረዋለሁ። በአንድ መስመር አራት ክብ፣ በአንድ ገጽ ሃያ መስመር፣ ለአንድ ፈተና ሁለት ገጽ። የመስመሩን ቁጥር በቀኝ በኩል እጽፍና ከዚያ ወደ ግራ እየሄድኩ አራቱን ክቦች እደረድራለሁ። ለምን ከቀኝ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ካርቱም ተወልዶ ዐረብኛ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ደብተሩን የሚከፍተውም ከቀኝ ነው፣ ቀኑን የሚጽፈውም ከቀኝ ነው። ማንም እንዲህ አድርጊ አላለኝም፤ እጄ በራሱ ነው የሄደው።

ክቦቹ ለእህቴ ለሰብለ ነበሩ። ሰብለ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። እሷም እንደ እኔ ዐረብኛ ትምህርት ቤት ነው የተማረችው፤ ስምንተኛን ጨርሳ ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ተቀጠረች። እዚያው ታድራለች፣ ቤታችን የምትመጣው አርብ ብቻ ነው። እማዬ ደግሞ አል-ጣኢፍ ወደሚባለው ሰፈር እየሄደች ሁለት ቤት ታጸዳ ነበር። እኔና እማዬ አል-ሳሃፋ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ነበረችን፤ በጋ ላይ አልጋችንን አውጥተን ውጭ የምንተኛባት፣ ሀቡብ የሚሉት የአሸዋ ማዕበል ሲመጣ ደግሞ ያን ሁሉ አቧራ እየዋጥን አልጋ የምንጎትትባት። ካርቱም ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከሀቡብ በኋላ ጥርሳችሁ ውስጥ ለሁለት ቀን አሸዋ ይንኮሻኮሻል።

ያን ዓመት አንድ የነርሶች ኮሌጅ ለስደተኛ ልጆች ነፃ ቦታ ይሰጣል ተባለ። የሚቀበለው ሦስት ልጅ ብቻ ነው፣ መግቢያው ደግሞ የእንግሊዝኛ ፈተና። አርባ ጥያቄ አለው፤ እያንዳንዱ ጥያቄ አንድን ዓረፍተ ነገር በአራት ዓይነት ጽፎ ትክክለኛውን ምረጡ ይላል። ሃያ ዓመት የሞላው አይፈተንም፣ ሰብለ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ያላት አንድ ጊዜ ነው። እማዬ ነገሩን በአጭሩ አስቀመጠችው። "ካለፈች ከሰው ቤት ትወጣለች፤ ካላለፈች እንደ እኔ ታረጃለች" አለች፣ እጇን በቅባት እያሸች። የበረኪና ሽታ ከእጇ ለቆ አያውቅም ነበር።

የሚያስጠናት ጋሽ ደምሴ ነበር። ጋሽ ደምሴ በሀገሩ መምህር ነበር፣ በፖለቲካ ምክንያት ተሰዶ ካርቱም ሲገባ የሰፈራችንን ዱካን ከፈተ። ሳሙና፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ የስልክ ካርድ ይሸጥ ነበር። አርብ በጁምዓ ሶላት ሰዓት ደንበኛ ስለሌለ በሩን ግማሽ ድረስ ያወርድና እኔንና ሰብለን ከውስጥ የሳሙና ካርቶን ላይ ያስቀምጠናል። የዚያ ዱካን ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ፤ የልብስ ሳሙና፣ ከሙን፣ ደግሞ ውኃ የሚረጨው የአየር ማቀዝቀዣ እርጥብ ገለባ። ከመስጊዱ ድምጽ ማጉያ ስብከቱ ይሰማል፣ ጋሽ ደምሴም በዚያ ላይ ይጮኻል።

መጀመሪያ ቀን እንግሊዝኛውን አልነካውም። "በአማርኛ እንየው" ብሎ የተቀደደ ካርቶን ላይ አራት መስመር ጻፈ። ልጆቹ ትናንት ከገበያ መጣ። ልጆቹ ትናንት ከገበያ መጡ። ልጆቹ ትናንት ከገበያ ይመጣሉ። ልጆቹ ትናንት ከገበያ መጥተው። ከዚያ "ልጆቹ ትናንት ከገበያ" የሚለውን በሰፊ መዳፉ ሸፈነው። "ይኼ አራቱም ላይ አለ፤ ስለዚህ አይጠየቅም። ፈታኙ ረጅም ነገር የሚጽፈው ሊያደክማችሁ ነው። የሚመሳሰለውን ጣሉት፣ የሚለየውን አስቀሩት፣ ከዚያ እርስ በርሱ አፋጡት" አለን። ሰብለ ሳቀች። "ይኼ ብቻ ነው እንዴ?" ብትለው "ይኼ ብቻ ነው፤ ግን ሰው ለመሸፈን እጁ አይታዘዝለትም" አላት።

የሰብለ እጅ ታዘዘላት። እኔ ዓረፍተ ነገሩን ከነነፍሱ አንብቤ ሳልጨርስ፣ እሷ አራቱን ቁልቁል በዓይኗ ቃኝታ ሁለቱን ትሰርዛለች፣ የቀሩትን ሁለቱን ጎን ለጎን ታደርግና "ይኼኛው" ትላለች። ለምን ሲላት ግን "ያኛው ጆሮዬን ይከብደዋል ጋሼ" ትለዋለች። በኋላ በኋላ ምክንያቱንም መናገር ቻለች፤ ይኼኛው አድራጊው አንድ ሆኖ ግሱ ለብዙ ነው፣ ያኛው ጊዜው ተዛብቷል ትላለች። ቪላው ውስጥ ዕቃ ስታጥብ ጥያቄ የገለበጠችበትን ወረቀት ከቧንቧው በላይ ለጥፋ ታጠና ነበር። አንድ አርብ እየሳቀች መጣችና "ወላሂ መዳም ዛሬ አንድ ትዕዛዝ በአራት ዓይነት ሰጠችኝ፤ ልዩነቱን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት፣ ሁሉንም ሠራሁት" አለችን። ጋሽ ደምሴ ከሳቁ የተነሳ መነጽሩን አወለቀ።

መጽሐፉ የተዋስነው ስለሆነ ምልክት አይደረግበትም። መልሱን ፊደል እየጻፉ ጊዜ ማባከንም ጋሽ ደምሴ አይወድም፤ "በፈተናው ክብ ማጥቆር ነው፣ ከአሁኑ ልመዱት" አለ። የእኔ ሥራ የመጣው ከዚህ ነው። ክብ እሠራለሁ፣ ሰብለ ታጠቁራለች፣ እኔ ከመጽሐፉ ጀርባ ያለውን መልስ እያየሁ አርማለሁ። አንደኛው ምርጫ ቀኝ ጫፍ ያለው ክብ ነው፣ አራተኛው ግራ ጫፍ። ይህን ከሰብለ ጋር ተነጋግረንበት አናውቅም፤ እሷም ያደገችው እንደ እኔ ከቀኝ በሚከፈት ደብተር ነው። ጋሽ ደምሴ ወረቀቶቹን አይነካቸውም፣ ድምሩን ብቻ ነው የሚጠይቀኝ። "ስንት?" ይላል፤ "ሠላሳ አራት" እላለሁ፤ "እሰይ! የሳተችውን አምጪ" ይላል። ከግራ ጀምሩ ማለት ለእሱ በአፍንጫችሁ ተንፍሱ እንደ ማለት ነበር፤ ትዝም አላለው።

ፈተናው ቅዳሜ ዋለ። መዳም እስከ ቀትር ብቻ ነው የፈቀደችላት። እኔና እማዬ ከኮሌጁ ግቢ በር ፊት ለፊት ከኒም ዛፍ ሥር ቆመን ጠበቅናት። እማዬ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ትጸልያለች። ሰብለ ከሁሉ ቀድማ ወጣች፤ የጥያቄውን ወረቀት ይዞ መውጣት ስለሚፈቀድ ጠቅልላ እንደ ማራገቢያ ታራግባለች። "ቀላል ነበር፣ ጊዜም ተረፈኝ!" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ ጉንጬን ቆነጠጠችኝ። "የእነሱ ክብ እንደ አንቺ አያምርም፣ ቁጥሩን ደግሞ በግራም በቀኝም ጽፈውታል" አለች። ራክሻ የሚሉትን ባጃጅ ይዛ ወደ ሪያድ በረረች። እማዬ ራክሻው እስኪታጠፍ ድረስ እጇን አላወረደችም።

ውጤቱ ሦስት ሳምንት ቆይቶ እሑድ ቀን ተለጠፈ። ሰብለ ሥራ ላይ ስለሆነች ከጋሽ ደምሴ ጋር የሄድኩት እኔ ነኝ። ሰሌዳው ላይ ስሟን አገኘነው፣ አጠገቡ አራት ይላል። አራት ከአርባ። ጋሽ ደምሴ መነጽሩን ጠርጎ እንደገና አየ፣ በጣቱ ከስሟ እስከ ቁጥሩ ድረስ ሄደበት። "ዓይኑን ጨፍኖ ያጠቆረ ሰው እንኳን አሥር ያገኛል እኮ" አለ፣ ለማን እንደሚናገር እንጃ። ከጎኑ የፈተናው መልስና እንዴት እንደሚሞላ የሚያሳይ ናሙና ተለጥፏል። እኔ እንደ ልማዴ መልሱን ደብተሬ ላይ ገለበጥኩ። ከታች "ቅሬታ ያለው እስከሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ያቅርብ" ይላል፤ ጋሽ ደምሴ ይህንንም ጮክ ብሎ አነበበው።

አርብ ሰብለ መጣች። ጋሽ ደምሴ ራሱ ነው የነገራት። አላለቀሰችም። "አራት?" አለች፣ ትንሽ ፈገግ ብላ፣ ሰው ሲቀልድባት እንደምትለው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ የጥያቄውን ወረቀት አወጣችና ለእኔ ሰጠችኝ። "ጣይልኝ" አለች። ጋሽ ደምሴ ወደ ዱካኑ ተመልሶ ስለነበር ይህን አላየም። ከሰዓት በኋላ የመዳምን ልጆች ልታጥብ ሄደች።

አልጣልኩትም። ማረም የለመደ እጅ ነው። ከውኃው ማሰሮ ጀርባ ጥላው ላይ ተቀመጥኩና ደብተሬን ከፍቼ አረምኩላት። የጥያቄው ወረቀት ላይ በመረጠችው ፊደል ዙሪያ በእርሳስ ምልክት አድርጋለች። አንዱ ትክክል፣ ሁለተኛው ትክክል፣ ሦስተኛው ትክክል። ስጨርስ ሠላሳ ስድስት ሆነ። እንደገና ቆጠርኩ፣ ሠላሳ ስድስት። የሳተችው አራት ጥያቄ ነው። ያኔ ሰሌዳው ላይ የነበረው ናሙና ትዝ አለኝ፤ ፊደሎቹ ገጹ አናት ላይ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በደቃቁ ተጽፈው ነበር፣ የመጀመሪያው ፊደል ደግሞ ግራ ጫፍ ላይ ነው። ሰብለ ሁሉንም ከቀኝ ቆጥራ ሞልታዋለች፣ እኔ እንዳስለመድኳት። አንደኛው አራተኛ ሆኗል፣ ሁለተኛው ሦስተኛ። እነዚያ የሳተቻቸው አራቱ ብቻ ተገልብጠው ትክክል ሆነውላታል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልደነገጥኩም። ልቤ አልመታም፣ እንባ አልመጣብኝም። የሰውነቴ ግማሽ እንደ ተኛ እግር ደንዝዞ፣ የጎረቤት ሬዲዮ እየሰማሁ እዚያው ተቀመጥኩ። እማዬ "ሚሚ፣ ነይ ብዪ" ስትለኝ ሄጄ በላሁ። ፉል ነበር፣ በሰሊጥ ዘይት። ሁለተኛ ጨምሪልኝ አልኳት።

ሰኞ ዕለት ጋሽ ደምሴ ቤታችን ድረስ መጣ፤ ቤታችን መጥቶ አያውቅም። ቁጭ እንኳን ሳይል "ይኼ ነገር አልዋጠልኝም፤ ቅሬታ አቀርባለሁ። ማስረጃ እንዲሆነን፣ ሰብለ የጥያቄውን ወረቀት የት አደረገችው?" ብሎ ጠየቀኝ። ወረቀቱ የትምህርት ቤት ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ቦርሳዬ ደግሞ ከእግሬ አጠገብ። ክቦቹን የሠራሁት እኔ መሆኔ ይወጣል ብዬ አሰብኩ። እማዬ ታየኛለች ብዬ አሰብኩ። "ጣለችው" አልኩት። "ኸላስ" አለ ቀስ ብሎ፣ በቃ ማለቱ ነው፤ ጋሽ ደምሴ ዐረብኛ ሲናገር የሚከፋው ነገር ሲኖር ነው። ማክሰኞ አለፈ፣ ረቡዕ አለፈ፣ ሐሙስም አለፈ። ሐሙስ ማታ ወረቀቱን ቀድጄ ከቆሻሻ ጋር ጣልኩት፣ ስለዚህ ውሸቴ ውሸት አልሆነም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ከዚያ በኋላ ሰብለ መጽሐፍ አልነካችም። ጋሽ ደምሴ አርብ ሲጠራት "ተወኝ ጋሼ፣ እኔ ጭንቅላት የለኝም" ትለዋለች፣ እየሳቀች። ውሎ አድሮ ሳቁ ጠፋና ቃሉ ብቻ ቀረ። ስድስት ዓመት ቆይቶ ያንኑ ፈተና እኔ ተፈተንኩ። ሰብለ የዚያን ቀን ከሪያድ ፈቃድ ለምና መጥታ ሸሚዜን ተኮሰችልኝ፣ ፀጉሬን ጎነጎነችልኝ። "እንደ እኔ እንዳትሆኚ፤ አንቺ እንኳን ጭንቅላት አለሽ" አለችኝ። ገባሁና ከግራ እየቆጠርኩ አጠቆርኩ። ሠላሳ ሦስት አመጣሁ፣ ከሦስቱ አንዷ ሆንኩ። እማዬ እልል አለች፣ ሰብለ ከእሷ በላይ እልል አለች፣ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። እኔ መሃል ላይ ቆሜ ተሳሳምኩ፣ ምንም አልተሰማኝም።

እማዬ የካርቱም ጦርነት ሳይጀመር አረፈች፣ ጋሽ ደምሴም ዱካኑን ትቶ ሀገሩ ገባና እዚያው አረፈ። ጦርነቱ ሲመጣ ሰብለ ልጇን ሳራን ይዛ ወደ ገዳሪፍ ወጣች። አሁንም ሰው ቤት ነው የምትሠራው። እኔ ፖርት ሱዳን አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነኝ። ባለፈው ክረምት ለሦስት ቀን ሥራ ካርቱም ላኩኝና፣ ሁለተኛው ቀን ላይ አል-ሳሃፋን ለማየት ሄድኩ። የእኛ ክፍል ጣሪያ የለውም። የዱካኑ በር ተነቅሎ ተወስዷል፣ መደርደሪያዎቹም የሉም፤ ሳሙና አይሸት፣ ከሙን አይሸት። መስጊዱ ግን ቆሟል። ልጆች በዝተው ይሯሯጡበት የነበረው መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ጡብ እየመረጡ ይደረድራሉ። ሰላም አልኳቸው፣ "አላህ ይስጥሽ ልጄ" አሉኝ። ማልቀስ ያለብኝ ቦታ ይኼ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣልኝም።

ለሰብለ ደወልኩላት፣ ሰፈሩን ልነግራት። አልፈለገችም መስማት። "ተዪው፣ ያለፈ ነው" ብላ ስለ ሳራ ማውራት ጀመረች። ሳራ አሥር ዓመቷ ነው፣ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን አምጥታ እርጂኝ ትላታለች። "እኔ ምን አውቃለሁ? እናትሽ ደንቆሮ ናት፣ አክስትሽን ጠይቂ አልኳት። እስቲ በስልክ አስረጂልኝ፣ አራት ዓረፍተ ነገር አንድ ዓይነት ነገር ነው፣ ምኑን እንደሚመርጡ እንጃ" አለችኝ።

በሩ የሌለው ዱካን ደጃፍ ላይ ቆሜ ነገርኳት። ክቦቹን፣ ከቀኝ መጀመሬን፣ ናሙናውን፣ አርሜ ያገኘሁትን ቁጥር፣ ጋሽ ደምሴን ጣለችው ማለቴን። ድምጼ አልተንቀጠቀጠም፤ ለበሽተኛ ቤተሰብ ውጤት እንደምነግረው አድርጌ ነው የነገርኳት።

"ስንት ነው ያልሽው?" አለች።

"ሠላሳ ስድስት።"

"ከአርባ?"

"ከአርባ።"

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"የዚያኑ አርብ። ቅሬታው ገና ስድስት ቀን ነበረው።"

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፣ በሰደበችኝም ይሻለኝ ነበር። "ሃያ ዓመት ሙሉ ደደብ ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት፣ ሚሚ" አለችኝ። "መዳም አህያ ስትለኝ እንኳን እውነቷን ነው እል ነበር። የኮሌጁስ ቦታ ይቅር፤ እሱ ይቀር ነበር። ይኼንን ብቻ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" ከዚያ "ሳራ! ሳራ! ያላ ነይ፣ አክስትሽ የምትነግርሽ ነገር አላት" ብላ ስትጣራ ሰማሁ። ለእኔ ደግሞ፣ ስልኩን ከመስጠቷ በፊት፣ "ንገሪያት፤ ከእኔ አፍ አታምንም" አለችኝ።

ሳራ ስልኩን ያዘች። እናትሽ ከአርባ ሠላሳ ስድስት አምጥታ ነበር፣ እኔ እንኳን ሠላሳ ሦስት ነው ያመጣሁት አልኳት። "ወላሂ? ማማ?" አለች፣ ወደ እናቷ ዞራ ስታያት በስልኩ ውስጥ ታወቀኝ። ከዚያ "ታዲያ ለምን እንደ አንቺ ነርስ አልሆነችም?" ብላ ጠየቀችኝ።

"በእኔ ምክንያት" አልኳት።

ሁለት ቃል ነው። ከአፌ ሲወጣ ምንም አልከበደኝም። ያኔም ቢሆን አይከብድም ነበር።